ባሕር በለገሃር፦ በጨዋማ ውኃ ገንዳ ውስጥ የሚበዛው ዋቅላሚ እንዴት ይወገዳል?

መግቢያ

ለገሃር የሚለው ስም «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣና ባቡር ጣቢያ ማለት እንደሆነ ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ የጅቡቲ ባቡር የሚነሣው ከለገሃር አይደለም። ሆኖም የዚያ ሐዲድ አንዱ ጫፍ ለገሃር፣ ሌላው ጫፍ የኮራል ሪፍ የሚገኝበት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ እንደነበረ ማስታወስ ለዚህ ትምህርታችን ጥሩ መነሻ ይሆነናል።

እስቲ በሐሳባችን የዚያን ባሕር አንድ ቁራጭ ወደ ለገሃር እናምጣ። በአንድ ክፍል ውስጥ 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) አቆምን እንበል። በውኃው ውስጥ በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው አሟሟን፤ ውኃውን በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ አቆየን፤ ዐለት፣ ኮራልና ጥቂት ዓሦች አስገባን፤ ከላይም ብርቱ መብራት አበራን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ያሰኛሉ። ከዚያ በኋላ ግን መስታወቱ ይደበዝዛል፤ ዐለቱ ፀጉር በሚመስል አረንጓዴ ነገር ይሸፈናል፤ ኮራሉም ቀስ በቀስ ይታፈናል። ጠርገን ብናነሣው ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሶ እናገኘዋለን።

ይህ ለምን ይሆናል? መፍትሔውስ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። ጥያቄው የጥቂት ዓሣ አርቢዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፣ ይልቁንም የምንጠጣውን ውኃ ጭምር የሚነካ መሆኑን ወደ መጨረሻው እናያለን።

ዋቅላሚ ማን ነው?

ዋቅላሚ፣ በተለምዶ አልጌ የምንለው፣ አንድ ዝርያ ሳይሆን ልዩ ልዩ ፍጥረታት የሚጠሩበት የወል ስም ነው። አብዛኞቹን አንድ የሚያደርጋቸው በብርሃን አስተጻምሮ ምግባቸውን ማዘጋጀታቸውና እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌላቸው መሆናቸው ነው። በጨዋማ ውኃ ገንዳ ውስጥ በብዛት የሚያስቸግሩት የሚከተሉት ናቸው።

አዲስ በተቋቋመ ገንዳ ውስጥ ቀድሞ የሚታየው ቡናማ አቧራ ዳያተም ይባላል። የሕዋሱን ቅርፊት የሚሠራው በሲሊካ ስለሆነ ሲሊካው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሁለተኛው አረንጓዴው ፀጉር መሳይ ዋቅላሚ ነው። ሦስተኛው እንደ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቆዳ በአሸዋው ላይ የሚነጠፈው ሳያኖባክቴርያ ነው። ይህ ኒውክሊየስ የሌለው በመሆኑ በሳይንሳዊ አመዳደብ ከባክቴርያ ወገን ነው፤ ሰዎች ግን ከዋቅላሚ ጋር ደምረው ይጠሩታል። አራተኛው አረፋ እያዘለ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለገው ዳይኖፍላጀሌት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። በገንዳው ውስጥ የምንወዳቸው ዋቅላሚዎችም አሉ። ዐለቱን በሐምራዊ ቅርፊት የሚሸፍነው ኖራማ ዋቅላሚ የጤናማ ሪፍ ምልክት ነው። ከዚህም በላይ ኮራሉ ራሱ በሥጋው ውስጥ ዙዛንተሌ የሚባሉ ደቂቅ ዋቅላሚዎችን ያኖራል። እነርሱ በብርሃን የሠሩትን ስኳር ለኮራሉ ያካፍሉታል፤ ብዙ የኮራል ዝርያዎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። ዙዛንተሌዎቹ ከወጡ ኮራሉ ይነጣል፤ ቶሎ ካልተመለሱም ይሞታል። ስለዚህ «ዋቅላሚን ሁሉ እንፍጅ» የሚለው ዕቅድ «ኮራሉንም እንግደል» ከማለት አይለይም። ሥራችን ሚዛን ማስተካከል እንጂ ማጥፋት አይደለም።

ምግቡ ከየት ይመጣል?

ዋቅላሚ ለማደግ ብርሃን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያሻዋል። ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ እንዳሳየው፣ በውቅያኖስ ውስጥ በሚንሳፈፉ ደቂቃን አካል ውስጥ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በአማካይ 106 ለ16 ለ1 በሆነ የአቶም ብዛት ይገኛሉ። ይህን ወደ ክብደት ስንለውጠው 1 ግራም ፎስፎረስ ከ100 ግራም በላይ ደረቅ ዋቅላሚ ሊያበቅል ይችላል ማለት ነው። ጥቂት ፎስፎረስ ብዙ ዋቅላሚ ያሳድጋል።

ይህ ፎስፎረስ ወደ ገንዳችን የሚገባው በእጃችን ነው። ደረቅ የዓሣ ምግብ ከክብደቱ 1 በመቶ ያህል ፎስፎረስ ነው ብለን እንነሣ። በቀን 2 ግራም ብንመግብ 20 ሚሊግራም ፎስፎረስ ይገባል። ይህም በፎስፌት ሲሰላ ወደ 61 ሚሊግራም ይሆናል። በ200 ሊትር ስናካፍለው በቀን በሊትር 0.3 ሚሊግራም እናገኛለን። የኮራል አርቢዎች የሚመኙት ጠቅላላ መጠን ግን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው! ዓሦቹ ከምግቡ ጥቂቱን ለዕድገታቸው ቢያስቀሩም፣ አብዛኛው በኩስና በሽንት መልክ ወደ ውኃው ይመለሳል። በሬድፊልድ ስሌት መሠረት 20 ሚሊግራም ፎስፎረስ ከ2 ግራም በላይ ደረቅ ዋቅላሚ ያበቅላል። እንግዲህ በጠዋት የበተንነው ምግብ ቅርጹን ለውጦ በዐለቱ ላይ ጠበቀን ማለት ነው።

ናይትሮጅን በበኩሉ የሚሄድበት መንገድ የተለየ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ አንዳንድ ባክቴርያዎች ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክስጅን በማይደርስበት የዐለቱ ውስጠኛ ክፍል የሚኖሩ ሌሎች ባክቴርያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይቀይሩታል፤ ጋዙም ወደ አየር ያመልጣል። ፎስፎረስ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለውም። በገንዳ ውስጥ ወደ ጋዝነት ተለውጦ አይበንም። የገባው ሁሉ በውኃው፣ በዐለቱ፣ በአሸዋው ወይም በሕያዋኑ አካል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የሚወጣው እኛ ስናወጣው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል።

መለኪያው «ዜሮ» ሲያሳይ

ብዙ ጀማሪዎች የሚደናገሩበት ነጥብ አለ። ገንዳው በዋቅላሚ ተሸፍኖ ሳለ የፎስፌት መመርመሪያው ዜሮ ያሳያል። «እንግዲያውስ ፎስፌት የለም» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። መመርመሪያው የሚለካው በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የቀረውን ብቻ ነው። ዋቅላሚው እየተሻማ የወሰደውን አይለካም። ጓዳው ባዶ የሆነ ቤት ሁሉ የተራበ ቤት አይደለም፤ ምናልባት ቤተሰቡ አሁን በልቶ መነሣቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመመርመሪያውን ቁጥር ዐይናችን ከሚያየው የዋቅላሚ ብዛት ጋር አጣምረን ማንበብ አለብን።

የማስወገጃው ቅደም ተከተል

1. በእጅ መንቀል። በመጀመሪያ ዋቅላሚውን በእጅና በብሩሽ እየነቀልን በቀጭን ቱቦ እየሳብን ከገንዳው እናስወጣለን። እዚያው ውስጥ ፍቀን መተው ዋጋ የለውም፤ የበሰበሰው ዋቅላሚ ፎስፎረሱን መልሶ ለቀሪው ይሰጣልና። ባልዲው ውስጥ የገባው ዋቅላሚ ግን የተሸከመውን ፎስፎረስ ይዞ ወጣ ማለት ነው።

2. የሚገባውን መቀነስ። ዓሦቹ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉትን ያህል ብቻ እንመግባለን። የበረደ ምግብ ከሆነ ካቀለጥን በኋላ ውኃውን እንደፋለን። በትነት የጎደለውን ለመተካትም በሪቨርስ ኦዝሞሲስ የተጣራ ውኃ መጠቀም ይመረጣል። ምክንያቱም የሚተነው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ በተተኪው ውኃ ውስጥ የነበረ ማንኛውም ማዕድን በገንዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ስለ ጨውም አንድ ቃል እንጨምር። የገበታ ጨው፣ ከአፍዴራ የመጣም ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሶዲየምና ክሎራይድ ከባሕር ጨው 86 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሸፍናሉ፤ ቀሪው ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ኮራል ያለ ካልሲየም ዐፅሙን ሊሠራ አይችልም።

3. የሚወጣውን መጨመር። ውኃ መቀየር ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ቀደም ባለው ስሌታችን በሳምንት በሊትር 2.1 ሚሊግራም ፎስፌት ይገባል። የገባው ሁሉ ሟሙቶ ይቆያል ብለን በየሳምንቱ 10 በመቶውን ውኃ ብንቀይር፣ ገቢና ወጪው የሚመጣጠነው ፎስፌቱ በሊትር 21 ሚሊግራም ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሌሎች መውጫዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የአረፋ ማጣሪያ (ፕሮቲን ስኪመር) ነው፤ በደቃቅ የአየር አረፋዎች ላይ የሚጣበቀውን የተረፈ ምርት ሳይበሰብስ ይዞ ያወጣዋል። ሁለተኛው ፎስፌትን በገጹ ላይ የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ፍርፍር ነው፤ ሲሞላ ይጣላል። ሦስተኛው ዋቅላሚን በዋቅላሚ ማሸነፍ ነው። በጎን ባለ መጠለያ ገንዳ ውስጥ ኬቶሞርፋ የተባለውን ዋቅላሚ በብርቱ መብራት እናሳድግና በየጊዜው እናጭደዋለን። በስሚዝሶኒያን ተቋም ይሠራ የነበረው ዋልተር አዴይ ይህንኑ አሳብ በዋቅላሚ ምንጣፍ ተግባራዊ አድርጎታል።

4. ግጦሽ። የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ የባሕር ጃርቶችና ዋቅላሚ በል ዓሦች የሪፍ ከብቶች ናቸው። እነርሱ ሲጠፉ የሚሆነውን ከጃማይካ እንማራለን። በዚያ ዋቅላሚ በል ዓሦች ከልክ በላይ ተጠምደው አልቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 የባሕር ጃርቶቹም በበሽታ ረገፉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ50 በመቶ በላይ የነበረው የኮራል ሽፋን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ፤ ቦታውንም ዋቅላሚ ያዘው። ይሁን እንጂ ጋጩ እንስሳ ፎስፎረሱን መልሶ በኩሱ እንደሚጥለው አንዘንጋ። ግጦሽ ኮራሉን ከመታፈን ያድናል እንጂ የወጪውን ሥራ አይተካም።

5. ትዕግሥት። በዐለቱ ውስጥ የተጠራቀመው ፎስፌት የውኃው መጠን በቀነሰ ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ውጤቱ በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት ይታያል። በሌላ በኩል ናይትሬትንና ፎስፌትን ፈጽሞ ለማጥፋት መጣደፍም ጉዳት አለው፤ ኮራሎቹ ይራባሉ፣ ዳይኖፍላጀሌቶችም ክፍት ቦታ ያገኛሉ። ጥቂት ይቅር፤ ብዙ አይከማች።

መርዝ ለምን አይበጅም?

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መድኃኒት አንጨምርም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ዋቅላሚን ይገድላል፤ ነገር ግን ኮራልን፣ ቀንድ አውጣንና የባሕር ጃርትንም ይፈጃል። ኤሪትሮማይሲን የመሰለ ጸረ ባክቴርያ መድኃኒትም ሳያኖባክቴርያን ሊያጠፋ ይችላል፤ አሞኒያን የሚያነጹልንን ባክቴርያዎች ግን አደጋ ላይ ይጥላል። ከሁሉ በላይ መርዝ ፎስፎረስን ከገንዳው አያወጣም። የሞተው ዋቅላሚ ለሚቀጥለው ማዳበሪያ ይሆናል።

በለገሃር ከፍታ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ውኃ መያዝ የሚችለው ወደ 5 ሚሊግራም ነው። ብዙ ዋቅላሚ ባንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ አብስባሾቹ ባክቴርያዎች ይህንን ጥቂት ኦክስጅን ይጨርሱታል። በተለይ መብራት ጠፍቶ ብርሃን አስተጻምሮ በሚቆምበት ሌሊት ዓሦቹ ታፍነው ሊያድሩ ይችላሉ። በመሆኑም በከፍታ ቦታ ያለ ገንዳ ውኃውን ዘወትር የሚያናውጥና አየር የሚያስገባ መሣሪያ ሊለየው አይገባም።

ከመስታወቱ ገንዳ ወደ ቆቃ

እስካሁን የተናገርነው ስለ 200 ሊትር ነው። ሕጉ ግን ከመስታወቱ ውጭም ይሠራል። ከለገሃርና ከካዛንቺስ የሚወርደው ጎርፍና ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ገባሮች በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም በአዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ይደርሳል። አዋሽም ከባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ባቡሩ ባሕር ድረስ ይሄድ ነበር፤ ፍሳሻችን ግን እዚሁ ይቀራል። የአዋሽ ተፋሰስ ራሱ ትልቅ ገንዳ ነው። ከመጸዳጃ ቤት፣ ከሳሙና፣ ከማዳበሪያና ከተሸረሸረ አፈር የሚመጣውም ፎስፎረስ የዚህ ገንዳ የዓሣ ምግብ መሆኑ ነው።

በቆቃ ውኃውን አረንጓዴ ቀለም የሚያስመስለው ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴርያ ነው። ይህ ፍጥረት ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ በታተመ ጥናት፣ ቆቃን ጨምሮ በአንዳንዶቹ የዚህ መርዝ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር 1 ማይክሮግራም፣ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ አንባብያን አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ ማይክሮሲስቲን በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ማፍላት ሕዋሱን አፍርሶ መርዙን ወደ ውኃው ሊለቀው ይችላል። አረንጓዴ አረፋ ከያዘ ውኃ መራቅ፣ ከብትንም ማራቅ ያስፈልጋል።

የመርዝ መፍትሔ እዚህም ከዚያው ችግር አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ ፓልም ደሴት ላይ ለመጠጥ በሚያገለግል ግድብ ውስጥ የበዛውን ለማጥፋት መዳብ ሰልፌት ተጨመረ። በቀጣዮቹ ቀናት አብዛኞቹ ሕፃናት የሆኑ 148 ሰዎች ታመሙ። በኋላ በተደረገው ምርምር ለሕመሙ ምክንያት ተደርጎ የተወሰደው ከሳያኖባክቴርያ ሕዋሳት የወጣው መርዝ ነው።

የትኛው ንጥረ ነገር ዋነኛ እንደሆነም በግልጽ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ ሐይቅ 226 የተባለውን በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ጨመሩ። ፎስፎረስ የተጨመረበት ወገን ብቻ አረንጓዴ ሆነ። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ሐይቅ ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ። ወደ ሐይቁ ይገባ የነበረው የከተማ ፍሳሽ ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ አቅጣጫው እንዲቀየር ሲደረግ፣ ውኃው ያለ ምንም መርዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠራ።

በትምህርት ቤት የሚሠራ ሙከራ

ይህን ሁሉ በቃል ከመቀበል መፈተን ይሻላል። ባለ አንድ ሊትር አራት የሃይላንድ ጠርሙሶች እንውሰድ። በሁሉም ውስጥ ከአንድ ኩሬ የተቀዳ ውኃ እንሙላ። 1 ግራም ዳፕ ማዳበሪያ በ1 ሊትር ውኃ፣ 1 ግራም ዩሪያም እንዲሁ በሌላ 1 ሊትር ውኃ እናሟሟ። አንደኛው ጠርሙስ ምንም አይጨመርበትም። በሁለተኛው 5 ሚሊ ሊትር የዩሪያውን፣ በሦስተኛው 5 ሚሊ ሊትር የዳፑን ሙሙት እንጨምር። በአራተኛውም እንደ ሦስተኛው ዳፕ ጨምረን ጠርሙሱን በጥቁር ላስቲክ እንጠቅልለው። ክዳናቸውን አላልተን ሁሉንም በመስኮት አጠገብ ለሦስት ሳምንት እናስቀምጥና በየሁለት ቀኑ ቀለማቸውን እንመዝግብ። በሦስተኛው ጠርሙስ የገባው ፎስፎረስ 1 ሚሊግራም ብቻ መሆኑን እናስታውስ። ዳፕ ናይትሮጅንም ስላለው ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር ማነጻጸር ለምን እንዳስፈለገ ተማሪዎች ይወያዩበት። ውኃው መርዛማ ሊሆን ስለሚችል አይቀመስ፤ ሲያልቅም እጅ በሚገባ ይታጠብ። ጠርሙሶቹንም ወንዝ ውስጥ ሳይሆን አፈር ላይ እንድፋቸው፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ መልሱ ከላይ ተጽፏል።

ማጠቃለያ

በጨዋማ ውኃ ገንዳ ውስጥ የሚበዛ ዋቅላሚ በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ነው። የሚነግረንም የገባው ከወጣው መብለጡን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መንቀል፣ ቀጥሎ ገቢውን መቀነስ፣ ከዚያ ወጪውን መጨመር፣ ጋጮቹን መጠበቅ፣ በመጨረሻም መታገሥ ይገባል። ገንዳው አንድ ሰው ባልዲ ይዞ የሚያጸዳው ስለሆነ ይህ በወራት ውስጥ ይሳካል። አዋሽን በባልዲ ማጽዳት ግን አይቻልም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ፍሳሽን ከመግባቱ በፊት ማጣራት፣ ማዳበሪያን በልክ መጠቀምና አፈርን ከመሸርሸር መጠበቅ ነው። ይህን ሥራ ነገ የሚረከቡት ዛሬ ይህን ገጽ የሚያነቡት ተማሪዎች ናቸው።